የግልገል በሽታዎችን መለየትና ማከም በቢቸናና በሞጣ፦ ዳሰሳ

የጥያቄው ወሰን

በምሥራቅ ጎጃም ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በሚያቋርጣቸው ወረዳዎች፣ በተለይም በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ፣ በግ የገበሬው የቅርብ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ የማዳበሪያ ክፍያ ሲደርስም ሆነ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲቃረቡ ወደ ገበያ የሚነዳው እርሱ ነው። የመንጋው ትርፍ የሚለካው ግን በተወለዱት ብዛት ሳይሆን ጡት ጥለው ለገበያ በደረሱት በመሆኑ፣ ግልገሎች በምን ይሞታሉ፣ ሕመማቸው በምን ይለያል፣ በምንስ ይታከማል የሚለው ጥያቄ ከእንስሳት ሐኪሙ አልፎ አርቢውንም ተመራማሪውንም የመድኃኒት ተቆጣጣሪውንም የሚነካ ሆኗል።

በዚህ ዳሰሳ ግልገል የሚባለው ከተወለደበት ሰዓት አንሥቶ ጡት እስከሚጥልበት እስከ ሦስት ወር ግድም ያለው የበግ ልጅ ነው፤ አንዳንዱ ሕመም በዚህ ዕድሜ ጀምሮ ምልክቱ ዘግይቶ ስለሚታይ አልፎ አልፎ እስከ ስድስት ወር መሻገር ግድ ይላል። የአካባቢው በግ በአብዛኛው ዋሸራ የሚባለው፣ ጠጉሩ አጭር ላቱ ሰፊ የሆነው፣ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም እንዲሁም በአዊ የሚረባው ዝርያ ሲሆን፣ ግልገሉ ሲወለድ በአማካይ ከሦስት ኪሎ ግራም በታች ይመዝናል፤ መንታ መውለድም ለዝርያው እንግዳ አይደለም። መልክዓ ምድሩ ግን አንድ ወጥ አይደለም። የጮቄን ተራራ የተጠጉት ቀበሌዎች ሌሊት ውርጭ የሚወርድባቸው ደጋዎች ናቸው፤ የቢቸና ዙሪያ ሜዳ ክረምት ውኃ የሚቋጥር ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ነው፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ ለጨጓራ ትሎች ይመቻል። በመሆኑም በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ የደጋው ግልገል በብርድና በሳል፣ የሜዳው ከጉበት ትል ጋር በተያያዘ የእናት ክሳት፣ የቆላው በደም ማነስ ሊያልቅ ይችላል።

ከደስታ ወደ ደብረ ብርሃን

የኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና በከብት ዙሪያ የተገነባ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገብቶ ክፉ ቀን ለተባለው ረኃብ ምክንያት የሆነው ደስታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ በሬውን ፈጅቶ እርሻውን ጦም ስላሳደረ፣ ኋላ የመጣው የክትባት ዘመቻ በቅድሚያ የታሰበው ለበሬና ለላም ነበር። ኢትዮጵያ ከደስታ ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀላት በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ረጅም ዘመን ውስጥ የበግ ግልገል ሞት በመዝገብ የሚሰፍር ጉዳይ አልነበረም፤ የሞተ በሬ ይመዘገባል፣ የሞተ ግልገል ይጣላል።

ጥያቄውን በሥርዓት ማጥናት የተጀመረው በ1974 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና በምሕጻሩ ኢልካ ይባል የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት እርባታ ምርምር ማዕከል በደብረ ብርሃን ጣቢያው የደጋ በጎችን መከታተል ከያዘ በኋላ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያው ጣቢያ የመንዝና የሆሮ በጎች ጎን ለጎን እየተወለዱ የሞቱት ግልገሎች ሬሳ ሲመረመር ቀዳሚው ገዳይ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ፤ የሆድ ዕቃ ሕመሞች፣ የውስጥ ትሎች እንዲሁም ረኃብ፣ ብርድና ከእናት መለየት ተጣምረው የሚያስከትሉት ሞት ከኋላው ተሰለፉ። ከዚህ ያልተናነሰ ቁም ነገር ግን የዝርያው ልዩነት ነበር፤ ከምዕራብ የመጡት የሆሮ ግልገሎች ቅዝቃዜውን ከለመዱት ከመንዞቹ በላይ ሞቱ። አንድ ተዋሲ በአንድ ጣቢያ ሁለት ዝርያዎችን እኩል ካልገደለ፣ ገዳዩ ተዋሲው ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል።

የደብረ ብርሃን ውጤት ለምሥራቅ ጎጃም ምን ያህል ይሠራል የሚለው ግን አከራካሪ ነው። ጣቢያው ሐኪም፣ መጋዘንና የተመዘገበ የልደት ቀን የነበረው ሲሆን፣ በሞጣ ዙሪያ ያለ አርሶ አደር ጥቂት በጎቹን ሌሊት ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ባለ ጋጣ ያሳድራል፤ ቀን ደግሞ ከጎረቤት መንጋ ጋር በወል ግጦሽ ይለቅቃቸዋል። በጣቢያው የበሽታ ጫና ከመንጋው ብዛት ሲመጣ፣ በገበሬው ቤት ከጋጣው እርጥበትና ከገበያ ተገዝቶ ሳይለይ ከሚቀላቀለው በግ ይመጣል።

በሽታ ወይስ አያያዝ

በዚህ ጥያቄ ላይ የሚጽፉ ባለሙያዎች በሁለት ጎራ ሊመደቡ ይችላሉ። አንደኛው የግልገል ሞት የተዋሲያን ሥራ ስለሆነ መፍትሔው ትክክለኛ ምርመራ፣ ክትባትና መድኃኒት ነው ይላል። ሁለተኛው ተዋሲያኑ በየጋጣው ያሉ በመሆናቸው ግልገሉን ለሞት የሚዳርገው መራቡ፣ መብረዱና እንገር ማጣቱ ነው፤ መርፌው የሚደርሰው ከረፈደ ነው ባይ ነው።

ለሁለተኛው አቋም ጠንካራው ማስረጃ የእንገር ነው። የበግ የእንግዴ ልጅ አሠራር በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮችን፣ ማለትም አንቲቦዲዎችን፣ ከእናት ወደ ጽንስ ስለማያሳልፍ ግልገል ሲወለድ መከላከያው ባዶ ነው፤ የሚያገኘውም ከእንገር ብቻ ሲሆን፣ አንጀቱ እነዚህን ንጥረ ነገሮች ሳይፈጭ ወደ ደም የሚያሳልፍበት ጊዜ ከተወለደ በኋላ በየሰዓቱ እየጠበበ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። በ1992 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የደጋ በጎች ላይ የወጣ የኢልካ ጥናትም በደማቸው ውስጥ ከእንገር የተገኘ መከላከያ ያነሰባቸው ግልገሎች ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። የተለመደው ልኬት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በመጀመሪያው ቀን 200 ሚሊ ሊትር፣ ከዚህም ውስጥ 50ው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት የሚል ነው፤ ሁለት ኪሎ ተኩል ለሚመዝን ግልገል በቀን ግማሽ ሊትር ማለት ነው። በጎጃም በግ አይታለብምና ግልገሉን ከሰው የሚያሻማው ነገር የለም። ችግሩ ያለው ከእናቲቱ ዘንድ ነው፦ ጽንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚጨምርበት የእርግዝና መጨረሻ መኖ ከሚያጥርበት ወራት ጋር ሲገጥም ግልገሉ ቀሎ ይወለዳል፣ ጡቷም ባዶ ይሆናል፤ መንታ ከሆነ ደግሞ ደካማው ከጅምሩ ተሸናፊ ነው። ለነፍሰ ጡር በግ በመጨረሻው ወር ተኩል የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ ወይም አተላ መጨመር ስለዚህ ከመኖነቱ ይልቅ ወደ መድኃኒትነት ይጠጋል።

የመጀመሪያው ጎራ መልስም ቀላል አይደለም። እንገር በበቂ የጠጣ፣ የሰባ ግልገል ደስታ መሰል በተባለው የበግ የቫይረስ ወረርሽኝ ይሞታል፤ በደንብ የተያዘ መንጋም በፈንጣጣ ይመታል። ሁለቱ አቋሞች የሚጋጩ የሚመስሉት የተለያየ ዕድሜ ስላሉ ግልገሎች እየተናገሩ ስለሆነ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞተውን በተመለከተ የአያያዝ ወገን፣ ከወር በኋላ የሚሞተውን በተመለከተ ደግሞ የተዋሲ ወገን የተሻለ ማስረጃ አለው።

ዕድሜ እንደ መለያ

በገጠር ቀበሌ ላቦራቶሪ በቅርብ ስለሌለ ምርመራው የሚያርፈው በምልክት ላይ ነው፤ ምልክት ግን አታላይ ነው። ተቅማጥ፣ ድካምና ጡት መተው የብዙ በሽታዎች የጋራ መልክ ናቸው። ከምልክቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የግልገሉ ዕድሜ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያጎነበሰ፣ ሆዱ የተጣበቀ፣ ጣት ወደ አፉ ሲገባ አፉ የሚቀዘቅዝ ግልገል በአብዛኛው የተራበና የበረደው ነው። የጤነኛ ግልገል የሰውነት ሙቀት ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ከ37 በታች ከወረደ ለሞት የቀረበ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ልዩነት አለ፦ ከተወለደ አምስት ሰዓት ያልሞላው ግልገል በሰውነቱ የያዘው ስብ ገና ስላላለቀ አድርቆና አሙቆ እንገር ማጠጣት ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ የቆየው ግን በደሙ ያለው ስኳር ስላለቀ፣ ግሉኮስ በባለሙያ ሳይሰጠው እሳት ዳር ቢቀመጥ ሲሞቅ ተንቀጥቅጦ ሊሞት ይችላል። ምድጃ ዳር ማስቀመጥ ደግ ልማድ ነው፤ ጉዳዩ ከምን በኋላ የሚለው ነው።

ሆዱ ተነፍቶ ለሃጩ የሚዝረበረብ ከሆነ ግን ረኃብ ብቻ አይደለም፤ ይህ በሦስት ቀን ውስጥ የሚታየው ሕመም ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ እንገር ባልቀደመው አንጀት ውስጥ ሲራባ የሚመጣ ነው። ከዚያ እስከ ሦስተኛው ሳምንት የሚያነክስ ግልገል ሲገኝ፣ በተለይም አንጓው ካበጠና ካተኮሰ፣ መንገዱ እትብት ነው፤ ያልደረቀ እትብት ከእርጥብ ጋጣ የሚወስደው ባክቴሪያ በደም ዞሮ በመገጣጠሚያ ይቀመጣል። እትብቱን እንደተወለደ በአዮዲን መንከር ርካሹ መከላከያ ነው፤ ፔኒሲሊን የሚሠራው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለተከታታይ ጊዜ ከተሰጠ ነው፤ መገጣጠሚያው መግል ከቋጠረ በኋላ ብዙም አይፈይድም።

ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚታይ ጥቁር ወይም ደም የቀላቀለ፣ ግልገሉ እያማጠ የሚያወጣው ተቅማጥ ኮክሲዲያን ያስጠረጥራል፤ ይህ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተዋሲ የሚበዛው ግልገሎች በተጨናነቁበት እርጥብ ወለል ላይ ሲሆን፣ የሚታከመውም በሰልፋ መድኃኒቶች እንጂ በትል መድኃኒት አይደለም። በማንኛውም ተቅማጥ ግን ቀድሞ የሚገድለው የውኃ ማጣት በመሆኑ፣ ለሕፃናት የሚሰጠው ለምለም የተባለው ዱቄት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ከብዙ መርፌ ይበልጣል።

በዚሁ ዕድሜ ከመንጋው ሁሉ የወፈረው፣ የሁለት እናት ያህል የሚጠባው ግልገል ማታ ደኅና አድሮ ጧት ሞቶ ሲገኝ ዓይን ወጋው ይባላል። አባባሉ ምክንያቱን ቢስትም ትዝብቱ ትክክል ነው፤ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ ወተት ወይም እህል በአንድ ጊዜ በበዛበት አንጀት ውስጥ መርዝ ስለሚያመነጭ የሚመርጠው በእርግጥም ምርጡን ነው። ሕክምና የሚደርስበት ጊዜ አይኖርም፤ መኖን ቀስ በቀስ መለወጥና፣ በሚገኝበት ቦታ፣ እናቲቱን ከመውለዷ በፊት መከተብ ነው ያለው አማራጭ።

የአፍ ዳር ቁስል ሌላው የስሕተት ምንጭ ነው። በከንፈር ላይ እንደ ቅርፊት የሚጋገረው የቫይረስ ቁስል ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል፤ ግልገሉን የሚገድለው መጥባት ሲያቅተው፣ እናቲቱም ጡቷ ቆስሎ ስታባርረው ነው፤ ወደ ሰው እጅም ይተላለፋል። ደስታ መሰል ግን ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የድድና የምላስ ቁስል፣ ተቅማጥና ሳል አንድ ላይ ይዞ በብዙ በጎች ላይ በአንድ ሰሞን ይወርዳል። ቅርፊት ከከንፈር ውጭ፣ ቁስል ከአፍ ውስጥ የሚለው ልዩነት ረቂቅ ቢመስልም አንዱ የቤት ጉዳይ፣ ሌላው ለወረዳው በአስቸኳይ የሚነገር ወረርሽኝ ነው።

ሬሳውን መክፈት

በኒውዚላንድ ተመራማሪው ማክፋርሌን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የአራስ ግልገል የሬሳ ምርመራ ቢላዋ፣ አንድ ባልዲ ውኃና ትዕግሥት ብቻ የሚፈልግ በመሆኑ ለቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይስማማል። የሳንባው ቁራጭ በውኃ ላይ ከተንሳፈፈ ግልገሉ ተንፍሷል፣ ከሰመጠ ሳይተነፍስ ሞቷል። በሰኮናው ጫፍ ያለው ለስላሳ ቢጫ ሽፋን ሳይላላጥ ካለ አልተራመደም፤ ተልጦ ከሆነ ቆሟል። ጨጓራው የረጋ ወተት ከያዘ ጠብቷል። በኩላሊቱ ዙሪያ ያለው ስብ ፈዛዛና ጠንካራ ከሆነ አልተራበም፤ ቀልጦ ቀላ ያለ ጄሊ ከመሰለ ያለውን ሁሉ አቃጥሎ ሞቷል። የተራመደ፣ የተነፈሰ፣ ነገር ግን ያልጠባና ስቡ ያለቀ ግልገል የሞተው በተዋሲ አይደለም፤ ለቀሩት ግልገሎችም አንቲባዮቲክ መግዛት ትርጉም የለውም።

ይህ አሠራር በምሥራቅ ጎጃም ያልተለመደው በዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም፤ የሞተ ግልገል ሳይውል ሳያድር ስለሚጣል ነው። ሳይቀበር የሚጣል ሬሳ ውሻና ጅብ ይጠራል። አዙሪት የሚባለው፣ በጉን አንገቱን አጣሞ በአንድ አቅጣጫ የሚያሽከረክረው ሕመም ደግሞ ከታረደ ወይም ከሞተ በግ ጭንቅላት የበላ ውሻ በኩሱ ከሚያወጣው የትል እንቁላል ይመጣል፤ ግልገሉ እንቁላሉን ከሣር ጋር ውጦ፣ ፊኛ መሰሉ ዕጭ አንጎሉ ውስጥ አድጎ ምልክት የሚያሳየው ከወራት በኋላ ስለሆነ፣ በተያዘበትና በታየበት ጊዜ መካከል ያለው ርቀት ምክንያቱን ይሰውረዋል።

ሳል፦ ያልተፈታው ክርክር

የሳንባ ምች ቀዳሚ ገዳይ መሆኑ ብዙም አያከራክርም፤ በየትኛው ተዋሲ የሚለው ነው የሚያከራክረው። ለረጅም ጊዜ ፓስቸሬላ ሄሞሊቲካ ይባል የነበረው ባክቴሪያ በ1999 እ.ኤ.አ. ማንሃይሚያ ሄሞሊቲካ ተብሎ ተለይቷል፤ ከእርሱ የሚቀርቡት ፓስቸሬላ መልቶሲዳና ቢበርስቴይኒያ ትሬሃሎሲም በጤነኛ በግ ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጠው ብርድ፣ ጉዞ ወይም ሌላ ቫይረስ ሲያዳክመው የሚወርዱ ናቸው። በቢሾፍቱ የሚመረተው የበግ ፓስቸሬሎሲስ ክትባት የተመሠረተው በፓስቸሬላ መልቶሲዳ ላይ ሲሆን፣ ከወሎና ከሌሎች ደጋዎች በጎች የተወሰዱ ናሙናዎች ግን የማንሃይሚያ ዓይነቶች በብዛት እንዳሉ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በታተመ ጥናት አመላክተዋል። ከዚህ በመነሣት አንዳንድ ተመራማሪዎች ክትባቱ በሜዳው ያለውን ጠላት አይመስልምና ማንሃይሚያን ያካተተ መሆን አለበት ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከጤነኛ ጉሮሮ የተገኘ ባክቴሪያ ገዳዩ እርሱ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፣ የተከተቡ መንጋዎች ያላቸው ጥቅም በቁጥጥር ሥር መለካት አለበት ሲሉ ይሞግታሉ። ሁለተኛው ተቃውሞ በሥነ ዘዴ ትክክል ነው፤ ሆኖም ክትባቱ ለመሥራቱ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ ያለበት ክትባቱን የሚያቀርበው ወገን እንጂ የሚጠራጠረው አይደለም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደስታ መሰልና የሳንባ ትል ናቸው። ደስታ መሰል መከላከያን ስለሚያዳክም ማንሃይሚያ ተከትሎት ይገባል፤ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተወጋው ግልገል ለጥቂት ቀን ሲሻለው በሽታው የባክቴሪያ ነበር ተብሎ ይደመደማል፣ ቫይረሱም ሳይመዘገብ ያልፋል። የሳንባ ትል ደግሞ ብዙ ጊዜ ጡት ከጣሉ በኋላ፣ ያለ ትኩሳት፣ ሲነዱ በሚብስ ሳል ይታወቃል፤ ለእርሱ አንቲባዮቲክ ዋጋ የለውም። ቴርሞሜትር ያለው ባለሙያ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ደቂቃ ይለያቸዋል።

ትል፣ መጠንና ባህላዊ መድኃኒት

በግልገል ኩስ ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ የሚታየው የሞኒዝያ ቁርጥራጭ አርቢውን ከማንኛውም ትል በላይ ያስደነግጠዋል፤ ባለሙያዎች ግን ጉዳቱ አነስተኛ ነው በሚሉና ክብደት ይቀንሳል በሚሉ መካከል እስከ ዛሬ ተከፍለዋል። ደም መጣጩ ሄሞንከስ ግን በዓይን ሳይታይ ይገድላል፤ የዓይን ቆብ ውስጠኛው ሥጋ ነጭ መሆንና በመንጋጋ ሥር የሚቋጠር እብጠት ምልክቶቹ ናቸው። በደቡብ አፍሪካ የተፈለሰፈው ፋማቻ የተባለው የቀለም ካርድ የዓይኑን ቅላት በአምስት ደረጃ እየለካ ለታመመው ብቻ መድኃኒት መስጠትን ያስችላል፤ ነገር ግን የጉበት ትል፣ ቅማልና መዥገርም ደም ስለሚያሳጡ፣ ዋልካማው የቢቸና ሜዳ ላይ ካርዱ ብቻውን ሄሞንከስን ለይቶ አያሳይም።

የመጠን ጉዳይ ከበሽታው መለየት ያልተናነሰ ነው። ባለ 300 ሚሊ ግራም የአልቤንዳዞል እንክብል 40 ኪሎ ለሚመዝን በግ የሚበቃ ሲሆን፣ 10 ኪሎ ለሆነ ግልገል ሩቡ ነው፤ አምስት ኪሎ የሆነ ግልገል ከባለ 10 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን በቀን የሚያስፈልገው ግማሽ ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ለበሬ በተሠራ መርፌ ይህን መለካት አይቻልም። ሲበዛ ግልገሉን፣ ሲያንስ መድኃኒቱን ይጎዳል፤ ትሎች አልቤንዳዞልን ጨምሮ ለተለመዱ መድኃኒቶች መላመዳቸው በሐረማያ በተሠራ ጥናት ታይቷል። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728 በ2004 ዓ.ም. ቢወጣም፣ በገበያ ቀን በመደብ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠውን ክኒን መቆጣጠር ገና ሥራ ይጠይቃል።

ባህላዊው ሕክምና በሁለት ጽንፍ ነው የሚታየው፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ይናቃል፣ ወይ ያለ ፈተና ይወደሳል። ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬና ግራዋ ለትል መሰጠታቸው ሰፊ ልማድ ነው። በአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የድንብላል ጥናት እንዳሳየው፣ በብልቃጥ ውስጥ የሄሞንከስን እንቁላል እንዳይፈለፈል ያገደው ጭማቂ በግ ላይ ሲሞከር ከአልቤንዳዞል እጅግ ያነሰ ሆኗል። ይህ የድንብላልን ብቻ ሳይሆን የአብዛኛውን ዕፅ ጥያቄ ያሳያል፦ በጨጓራ ውስጥ ምን ያህሉ ይደርሳል፣ ለሁለት ኪሎ ግልገልስ መጠኑ ስንት ነው? በጋለ ብረት መተኮስ ግን ከዚህ ምድብ አይገባም፤ የታመመ ግልገልን ሕመም ከመጨመርና ቁስል ከመክፈት ውጪ የታወቀ ጥቅም የለውም።

ክትባት ለማን፣ መቼ

ደስታ መሰል በ1942 እ.ኤ.አ. በኮትዲቯር ታወቀ፤ በኢትዮጵያ በ1977 እ.ኤ.አ. በአፋር ተጠርጥሮ በ1991 እ.ኤ.አ. በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። ዓለም አቀፉ ዕቅድ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ግቡ በሽታውን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ማጥፋት ነበር። ናይጄሪያ 75/1 በተባለ የቫይረስ ዝርያ የሚሠራው ክትባት አንድ ጊዜ ከተሰጠ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ስለሚከላከል መሣሪያው ጥሩ ነው። ችግሩ ከግልገሉ ዕድሜ ላይ ነው፦ ከተከተበች ወይም በበሽታው ካለፈች እናት በእንገር የመጣው መከላከያ ከሦስት እስከ አራት ወር ክትባቱን ስለሚያከሽፍ፣ በዘመቻው ቀን ሁለት ወር የሆነው ግልገል ቢወጋም ያልተወጋ ያህል ነው። በግ በጎጃም ዓመቱን ሙሉ ስለሚወልድ በየትኛውም ወር ዘመቻ ቢደረግ ከመንጋው የተወሰነው ሁልጊዜ በዚህ ክፍተት ውስጥ ይገኛል፤ ወንዱ ጠቦት ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ስለሚሸጥ መንጋው በፍጥነት ባልተከተቡ ይተካል። አንዳንዶች በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉንም መከተብ ይበቃል ሲሉ፣ ሌሎች በስድስት ወር ልዩነት ከአራት ወር በላይ የሆኑትን ወጣቶች ብቻ መልሶ መከተብ ይሻላል ይላሉ። ሁለተኛው በሒሳብ የተሻለ ቢመስልም፣ የቀበሌው ባለሙያ የእያንዳንዱን ግልገል ዕድሜ እንዲያውቅ ያስገድደዋል፤ የልደት ቀን በማይመዘገብበት መንጋ ይህ የሚወሰነው በጥርስ ወይም በባለቤቱ ትውስታ ነው።